ያልተጠራው መስኮት፤ ኮምፒውተር በሚነሣበት ጊዜ ስለሚፈጽማቸው ትእዛዛት የታሪክ ሐተታ

ኮምፒውተሩን አስነሥቶ፣ የምስጢር ቃሉን ጽፎ፣ ወደ ሥራው ለመግባት የተዘጋጀ ሰው፣ እርሱ ሳይጠራውና ሳያዝዘው አንድ የፎልደር መስኮት በፊቱ ተከፍቶ ያገኘው እንደ ሆነ፣ በመጀመሪያ ነገሩን ከቁም ነገር ሳይቈጥር ይዘጋዋል፤ በማግስቱ ያው መስኮት ተመልሶ ሲመጣ ግን መሰልቸቱ ወደ ጥርጣሬ ይለወጥበታል። መስኮቱ አንዳንድ ጊዜ «ሲስተም 32» የሚባለውን የሥርዓቱን ማኅደር፣ አንዳንድ ጊዜ የባለቤቱን የሰነዶች ፎልደር፣ አንዳንድ ጊዜም ከ«ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ ስሙን እንኳ ሰምቶት የማያውቀውን ክፍል ይዞ ይቀርባል። ብዙ ሰው ይህን የመሣሪያው እብደት አድርጎ ይወስደዋል፤ ዳሩ ግን መሣሪያው ከታዘዘው የሚወጣ ነገር አይደለምና፣ መስኮቱ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው በአንድ ወቅት የተጻፈ ትእዛዝ፣ አዛዡ ከሄደ በኋላ ሳይሻር ስለ ቀረ ነው።

ይህ ትእዛዝ ሊገኝባቸው የሚችሉት ስፍራዎች ብዙ መሆናቸው ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። ኮምፒውተር በሚነሣበት ሰዓት ምን ማድረግ እንዳለበት አስቀድሞ ጽፎ የማኖር ልማድ ከተጀመረ ወዲህ፣ እያንዳንዱ ዘመን አዲስ በር ሲከፍት የቀድሞውን በር ሳይዘጋ አልፏል። ስለዚህ የዚህን መስኮት ጥንተ ነገር ለማወቅ የሚሻ ሰው የኮምፒውተርን የአነሣሥ ሥርዓት ከሥሩ ጀምሮ መመርመር ይገባዋል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

በጥንቱ ዘመን ኮምፒውተር በራሱ የሚነሣ መሣሪያ አልነበረም። በ1946 በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ለሕዝብ የታየው ኤንያክ፣ ሥራው በተለወጠ ቍጥር ገመዶቹ ከአንዱ ስፍራ እየተነቀሉ በሌላው እየተተከሉ፣ ማብሪያ ማጥፊያዎቹም አንድ በአንድ እየተዞሩ የሚሰናዳ ስለ ነበር፣ ትእዛዙ የሚኖረው በሠራተኞቹ እጅ እንጂ በመሣሪያው ውስጥ አልነበረም። ትእዛዝን በማኅደረ ትውስታ የማኖር ጥበብ ከተገኘ በኋላ ግን አዲስ እንቈቅልሽ ተወለደ፤ ይኸውም ፕሮግራምን ከውጭ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ራሱ ፕሮግራም ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ፕሮግራም የሚያስገባው ማን ነው? የሚል ነበር። አይ ቢ ኤም በ1952 ያስተዋወቀው 701 የተባለ ኮምፒውተር ለዚህ አንድ ቍልፍ አበጀለት፤ ሠራተኛው ቍልፉን ሲጫን መሣሪያው ከተበሳው ካርድ፣ ከቴፑ ወይም ከሚሽከረከረው ከበሮ የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ያነባል፣ ያቺም ቃል ተከታዩ እንዲነበብ ታዝዛለች፣ እንዲህ እያለም አንዱ ሌላውን እየጠራ ሙሉው ፕሮግራም ይገባል።

ያ ቍልፍ በሁሉም መሣሪያ ላይ አልተገኘም። በጥር 1975 በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጥቶ የግል ኮምፒውተርን ዘመን የከፈተው አልቴር 8800፣ በተነሣ ጊዜ ምንም የማያውቅ ባዶ ሣጥን ነበርና፣ ባለቤቱ በፊቱ ላይ የተደረደሩትን ማብሪያ ማጥፊያዎች ወደ ላይና ወደ ታች እያደረገ የመጀመሪያዎቹን ትእዛዛት በእጁ ማስገባት ነበረበት። ፖል አለን ከቢል ጌትስ ጋራ ለዚህ መሣሪያ ያዘጋጁትን ቤዚክ የተባለ ቋንቋ ለማሳየት ወደ አልበከርኪ በሚበርበት ጊዜ፣ አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲቃረብ ፕሮግራሙን ከቴፑ የሚያነበው የመጀመሪያ ትእዛዝ አለመጻፉ ትዝ ብሎት፣ እዚያው በመቀመጫው ላይ እንደ ጻፈው ይነገራል። እነዚህ ሁለቱ ማይክሮሶፍት የሚባለውን ኩባንያ በዚያው ዓመት መመሥረታቸውን ስናስብ፣ ኋላ የዓለምን ኮምፒውተሮች የአነሣሥ ሥርዓት የሚደነግገው ቤት በጥንቱ ጊዜ ሊሰናከል የነበረው በዚሁ በአነሣሥ ነገር መሆኑ የሚያስገርም ነው።

አይ ቢ ኤም በነሐሴ 1981 የግል ኮምፒውተሩን ባወጣ ጊዜ ይህ ድካም ለባለቤቱ ቀረለት። የማይጠፋ ትእዛዝ የተቀረጸበት ባዮስ የተባለ ክፍል በመሣሪያው ውስጥ ስለ ተተከለ፣ ኮምፒውተሩ መብራት ባገኘ ቍጥር በመጀመሪያ የራሱን አካላት ይመረምራል፣ ቀጥሎ ከዲስኩ መጀመሪያ 512 ባይት ብቻ ያነባል፣ እነዚያም ዶስ የተባለውን ሥርዓት ይጠራሉ፣ ዶስም ተነሥቶ የባለቤቱን ትእዛዝ ይጠብቃል። ከዚህ በኋላ ጥያቄው «ኮምፒውተሩ እንዴት ይነሣል?» መሆኑ ቀርቶ «ከተነሣ በኋላ ሳይነገረው ምን ያድርግ?» ሆነ፤ ያልተጠራው መስኮት የዘር ሐረግም የሚጀምረው ከዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ልማድ ቀደም ብሎ በትልልቆቹ መሣሪያዎች ላይ ተጀምሮ ነበር። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሉዊ ፑዛን በ1960ዎቹ መጀመሪያ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲሠራ፣ ብዙ ትእዛዛትን በአንድ ፋይል ውስጥ በተራ ጽፎ በአንድ ጥሪ ማስፈጸም የሚያስችል ራንኮም የተባለ ፕሮግራም ጽፎ ነበር፤ የዩኒክስ ሥርዓት በሚነሣበት ጊዜ የሚያነባቸው የትእዛዝ ፋይሎች እስከ ዛሬ ድረስ የዚያን ፕሮግራም ስም አሳጥረው ይዘዋል። በዶስ ዘመን ደግሞ «አውቶኤክሴክ» የተባለው ፋይል ይህንኑ ማዕርግ ያዘ። ባለቤቱ ሁልጊዜ የሚፈልጋቸውን ትእዛዛት በዚያ ፋይል ውስጥ በግልጽ ጽሑፍ ይደረድራል፣ ኮምፒውተሩም በተነሣ ቍጥር ከላይ እስከ ታች አንብቦ ይፈጽማቸዋል። የዚያ ዘመን በጎነቱ የትእዛዙ ሁሉ ማኅደር ከሞላ ጐደል አንድ መሆኑ ነበር፤ ያልተፈለገ ነገር ቢደረግ ፋይሉን ከፍቶ፣ ጥፋተኛዋን መስመር አግኝቶ መፋቅ ለማንም የሚቻል ነበርና።

የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ በኅዳር 1985 ሲወጣ ግን ትእዛዙ መበታተን ጀመረ። «ዊን ኢኒ» በተባለው ፋይል ውስጥ ሁለት መስመሮች ነበሩ፤ አንደኛው የተጠራውን ፕሮግራም ወደ ምልክትነት አሳንሶ፣ ሁለተኛው መስኮቱን ከፍቶ ያስነሣ ነበር። በሚያዝያ 1992 የወጣው ዊንዶውስ 3.1 ደግሞ ትእዛዝ መጻፍ ለማያውቀውና በመዳፊት ብቻ ለሚሠራው ሰው ሲል «ስታርትአፕ» የተባለውን ክፍል ጨመረ፤ በዚያ ውስጥ ምልክቱ የተቀመጠለት ፕሮግራም ሁሉ ከሥርዓቱ ጋራ አብሮ ይነሣል፣ ባለቤቱም ይህን ለአንድ ጊዜ መከልከል ቢፈልግ የሺፍትን ቍልፍ ተጭኖ ይይዛል። አፕልም በ1991 ባወጣው ሲስተም 7 ውስጥ ይህን የመሰለ ፎልደር አበጅቶ ነበር። ይህ ሁሉ ለሰው ልጅ ምቾት የታሰበ መልካም ነገር ቢሆንም፣ የአውቶኤክሴክ ፋይልም የዊን ኢኒ መስመሮችም እንደ ነበሩ ስለ ቀሩ፣ ትእዛዝ የሚጻፍበት ስፍራ አንድ የነበረው ሦስት ሆነ።

ነሐሴ 24 ቀን 1995 የወጣው ዊንዶውስ 95 ላልተጠራው መስኮት ሁለት ታላላቅ ምክንያቶችን ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ሬጂስትሪ የተባለው መዝገብ ነው። ቀድሞ በየፋይሉ ተበትኖ የነበረው የሥርዓቱና የፕሮግራሞቹ ውል ሁሉ በአንድ ታላቅ መዝገብ እንዲሰበሰብ ሲደረግ፣ በመዝገቡ ውስጥ «ራን» የሚባሉ ሁለት አንቀጾች ተከፈቱ፤ አንዱ ለመሣሪያው ተጠቃሚዎች በጠቅላላ፣ ሌላው ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ለብቻው የሚያገለግል ነው። ማንኛውም ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ በሚጫንበት ጊዜ ባለቤቱን ሳያማክር ስሙን በዚህ አንቀጽ ሊያጽፍ ስለሚችል፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚፈጽመው የማለዳው ትእዛዝ ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ ወደ ፕሮግራም ሠሪዎች እጅ የተሻገረው በዚህ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የስም ነፃነት ነው። በዶስ ዘመን የፋይል ስም ከስምንት ፊደልና ከሦስት ፊደል ቅጥያ አያልፍም፣ በመካከሉም ክፍት ቦታ አይገባበትም ነበር። ዊንዶውስ 95 ግን እስከ 255 ፊደል የሚደርስ፣ ክፍት ቦታም ያለበት ስም ፈቀደ፤ የፕሮግራሞቹም ማደሪያ «ፕሮግራም ፋይልስ» ተብሎ በሁለት ቃል ተሰየመ። ጥንታዊው የትእዛዝ አነባበብ ደግሞ ክፍት ቦታን የሚያውቀው የትእዛዝ ስም ማብቂያና የተጨማሪ ቃል መጀመሪያ አድርጎ ነበርና፣ ረጅሙ ስም በትእምርተ ጥቅስ ካልተከበበ ንባቡ የት ላይ እንደሚያቆም አጠራጣሪ ሆነ። እንዲህ ባለ ጊዜ ዊንዶውስ በመጀመሪያ እስከ ፊተኛው ክፍት ቦታ ያለውን፣ ቀጥሎም እስከ ሁለተኛው ያለውን እየሞከረ ይሄዳል። ለምሳሌ ያህል በ«ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ አንዱ «ሰላም»፣ ሌላው «ሰላም ጽሕፈት» የሚባሉ ሁለት ፎልደሮች ቢኖሩና፣ ከሁለተኛው ውስጥ ያለውን ፕሮግራም እንዲያስነሣ የተጻፈው ትእዛዝ ትእምርተ ጥቅስ ቢጐድለው፣ ሥርዓቱ ንባቡን በ«ሰላም» ላይ አቁሞ ያንን ፎልደር በመስኮት ይከፍተዋል። እንግዲህ ብዙ ሰው የሚማረርበት መስኮት የመጣው አንድ ፕሮግራም ሠሪ ሁለት ጭረቶችን ሳያስገባ በመቅረቱ ነው።

በዚሁ መዝገብ ምክንያት የሚመጡ ሌሎች መስኮቶችም አሉ። በ«ራን» አንቀጽ ውስጥ ባዶ ሆኖ የቀረ ወይም ግማሹ የተቈረጠ ትእዛዝ ሲኖር፣ «ሲስተም 32» የተባለው ፎልደር መከፈቱ በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን በጣም የታወቀ ነገር ነበር። እንደዚሁም ተጠቃሚው ሲገባ የሚሠራው «ዩዘርኢኒት» የተባለ ፕሮግራም፣ ፎልደሮችን የሚያሳየውን ኤክስፕሎረርን ያስነሣል፤ ኤክስፕሎረርም አንድ ጊዜ ሲጠራ ጠቅላላውን ገጽታ ሠርቶ ያቆማል፣ ቆሞ ሳለ ሁለተኛ ቢጠራ ግን ጥሪውን የፎልደር መስኮት እንዲከፍት የተነገረው አድርጎ ይቀበለዋል። ስለዚህ በመዝገቡ ውስጥ የጥሪው ቃል በስሕተትም ሆነ በተንኰል ሁለት ጊዜ የተጻፈ እንደ ሆነ፣ በኤክስፒ ዘመን የሰነዶቹ ፎልደር ማንም ሳይጠራው በየማለዳው ይከፈት ነበር። በነዚህ ሁሉ ኤክስፕሎረር የሚመስለው፣ ጌታው በሕይወት ሳለ «እንግዳዬ ሲመጣ በሩን ክፈት» ብሎት ኖሮ፣ ጌታውም እንግዳውም ካለፉ በኋላ በየቀኑ ባዶውን በር የሚከፍተውን ታማኝ ዘበኛ ነው።

ከክፉ ትእዛዝ ሳይሆን ከደግነት የመነጨም መስኮት አለ። ዊንዶውስ 95 ባለቤቱ ሲዘጋው ክፍት ሆነው የነበሩትን ፎልደሮች አስታውሶ በማግስቱ መልሶ ይከፍትለት ነበር፤ ይህም በኋለኞቹ ዊንዶውሶች በፎልደር ምርጫዎች ውስጥ ሊበራና ሊጠፋ የሚችል ነገር ሆነ። ምልክቱን ሳያውቅ ያበራ ሰው የራሱን የትናንት ሥራ እያየ በመሣሪያው ላይ ያማርራል። አንዳንድ የዊንዶውስ ቪስታና የዊንዶውስ 7 ተጠቃሚዎችን ደግሞ «ዴስክቶፕ ኢኒ» የተባለው ፋይል በኖትፓድ ተከፍቶ ይጠብቃቸው ነበር፤ ይህ ፋይል በስታርትአፕ ፎልደር ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖር ሲሆን፣ የመሸሸጉ ባሕርይ የተገፈፈ ጊዜ ሥርዓቱ እንደ ሌላው ሁሉ ሊነሣ የሚገባው ነገር አድርጎ ይከፍተው ነበርና ነው።

የማለዳው ትእዛዝ ለማንም ክፍት መሆኑን የቫይረስ ጸሓፊዎች ሳያዩት አልቀሩም። በግንቦት 2000 ከፊሊፒንስ ተነሥቶ በኢሜል ዓለምን ያዳረሰው የፍቅር ደብዳቤ መሳዩ ቫይረስ፣ ራሱን በሬጂስትሪው የማስነሻ አንቀጾች ውስጥ የሥርዓቱን ፕሮግራሞች በሚመስሉ ስሞች አስመዝግቦ ነበር። በኅዳር 2008 የታየው ኮንፊከር ደግሞ ከሌሎች መንገዶቹ ጋራ ፍላሽ ዲስክ በተሰካ ቍጥር በራሱ የሚሠራውን የአውቶራን ሥርዓት መሸጋገሪያ አደረገው፤ ማይክሮሶፍትም ይህን በር በዊንዶውስ 7 ከዘጋ በኋላ፣ በየካቲት 2011 ለቀደሙት ለኤክስፒና ለቪስታ ጭምር የሚዘጋ ማሻሻያ አሠራጨ። ከዚህ ታሪክ ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው፣ ጸረ ቫይረሱ ተንኰለኛውን ፋይል በሚያጠፋበት ጊዜ በመዝገብ የተጻፈለትን ትእዛዝ አንዳንዴ ሳይሽር መተዉ ነው፤ ቫይረሱ ሞቶ ሳለ ያልተጠራው መስኮት የሚቀረው ስለዚህ ነው።

በአገራችን ይህ ልማድ በሁለት ወገን ታውቋል። በደግ ወገኑ፣ የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ከመካተቱና፣ በ2007 የወጣው ቪስታ ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽና የአማርኛ መክተቢያ ይዞ ከመምጣቱ በፊት፣ አማርኛ ለመጻፍ የሚፈልግ ሰው እንደ ፓወር ግዕዝ ያለውን ፕሮግራም አስቀድሞ ማስነሣት ነበረበትና፣ ለጽሕፈት ሥራ የተመደበ ኮምፒውተር ይህን በማለዳ ትእዛዙ ውስጥ ቢያገባ የሚገባ ነበር። በክፉ ወገኑ ደግሞ፣ በኢንተርኔት ቤትና በጽሕፈት ቤት ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዘዋወርበት ዘመን፣ ፎልደሮችን ሸሽጎ በስማቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠውን ቫይረስ ያልቀመሰ ተማሪና ጸሓፊ ጥቂት ነው። ለዚህ ሁሉ የተለመደው መድኀኒት ኮምፒውተሩን ፎርማት ማስደረግ ሆኖ ቆየ፤ በዚህም አንዲት መስመር በመሻር የሚፈታ ነገር ብዙ ሰነድና ፎቶግራፍ አስጠፍቷል።

የመመርመሪያው መሣሪያ ታሪክም ሊዘነጋ አይገባም። በሰኔ 1998 የወጣው ዊንዶውስ 98 «ኤምኤስኮንፊግ» የተባለውን አመጣ፤ የተበታተኑት የማለዳ ትእዛዛት በአንድ ገጽ ላይ ተዘርዝረው፣ ባለቤቱ ምልክት እያነሣ የማይፈልገውን የሚያስቀርበት ነበር። ይህ መሣሪያ ከዊንዶውስ 2000 ቀርቶ በ2001 ከኤክስፒ ጋራ ተመለሰ። ማርክ ሩሲኖቪችና ብራይስ ኮግስዌል በ1996 በመሠረቱት በሲስኢንተርናልስ ስም ያወጡት አውቶራንስ ግን ከሁሉ የጠለቀ ነው፤ ትእዛዝ ሊጻፍባቸው የሚችሉትን ስፍራዎች ሁሉ እየዞረ ይዘረዝራል፣ የሚጠራው ፋይል የጠፋበትንም ትእዛዝ በብጫ ቀለም ያሳያል። ማይክሮሶፍት በሐምሌ 2006 የነዚህን ጠቢባን ሥራ ገዝቶ የራሱ አደረገው፤ በጥቅምት 2012 ባወጣው ዊንዶውስ 8 ደግሞ የአነሣሡን ዝርዝር ማንም በቀላሉ እንዲያገኘው ወደ ታስክ ማኔጀር አዛወረው።

እንግዲህ መስኮቱን ለማስወገድ የሚፈልግ ሰው ታሪኩ የሄደበትን መንገድ ተከትሎ ቢመረምር አይስትም። በመጀመሪያ የሚከፈተው ፎልደር የትኛው እንደ ሆነ ይመልከት፤ ትናንት ትቶት የሄደው ከሆነ በፎልደር ምርጫዎች ውስጥ የቀድሞ መስኮቶችን የሚመልሰውን ምልክት ያንሣ። ካልሆነ ኮምፒውተሩን፣ አስፈላጊዎቹን ክፍሎች ብቻ በሚያስነሣው በሴፍ ሞድ ያስነሣው፤ በዚያ ሁኔታ የ«ራን» ትእዛዛት አይፈጸሙምና፣ መስኮቱ ካልመጣ ጥፋቱ ከማለዳው ትእዛዝ መሆኑ ይጠቍመዋል። ቀጥሎ ሁለቱን የስታርትአፕ ፎልደሮች፣ የራሱንና የሁሉን፣ ይመልከት፤ ከዚያም በታስክ ማኔጀር ወይም በአውቶራንስ ዝርዝሩን እያነበበ ባዶውን፣ የጠፋውን ወይም ትእምርተ ጥቅስ የጐደለውን ይፈልግ። ወደ ሬጂስትሪው የሚገባ ከሆነ አስቀድሞ ቅጂውን ያስቀምጥ። የዩዘርኢኒትን መስመር ጨርሶ ያጠፋ ሰው ግን ወደ ገዛ ኮምፒውተሩ መግባት ይሳነዋልና፣ ተደጋጋሚውን ቃል ብቻ ይቀንስ እንጂ መሠረቱን አይንካ። ትእዛዙን የጻፈው የማያውቀው ፕሮግራም ከሆነም፣ ከመሻሩ በፊት መሣሪያውን በጸረ ቫይረስ ያስመርምር።

ከታሪኩ የሚገኘው ፍርድ ግልጽ ነው። ያልተጠራው መስኮት ለባለቤቱ ምቾት ተብሎ የተከፈቱ በሮች ለሌሎችም ክፍት መሆናቸውን፣ የሚዘጋቸውም አለመገኘቱን የሚያመለክት ነው። በዚህ ጥፋት ትልቁ ድርሻ፣ ሲገባ ስሙን አስመዝግቦ ሲወጣ የማይሽረውን ፕሮግራም የሠሩት ሰዎች ነው፤ የአገራችን ወጣቶችም ዛሬ ፕሮግራም እየጻፉ ነውና፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ በማለዳው መዝገብ ስም ከመጻፍ ቢታቀቡ፣ ፕሮግራማቸውም በሚወገድበት ጊዜ ትእዛዙን አብሮ እንዲሽር ቢያደርጉ ከዚህ ነቀፋ ይድናሉ። ተጠቃሚው ደግሞ ፎርማት ይደረግልኝ ብሎ ኮምፒውተሩን ለባለሙያ ከመስጠቱ በፊት፣ በማለዳው ዝርዝር ውስጥ የሰፈረውን አንድ ጊዜ ያንብብ።